መጋረጃው ለአንቺ፣ ልብስ ሰፊው ለእኛ

ገና ጎህ ሲቀድ የግቢያችን ቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ፣ ወላይታ ሶዶ የምንኖረው የጎጃም ልጆች፣ ከጋሽ አስማረ ጀምሮ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። ቀና ብሎ የሚያየኝ አንድ ሰው የለም።

የተወደዳችሁ የሞጣ ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ የልብስ ሰፊው የይበልጣል እህት የሺ ነኝ። ጌታ ለቤታችን ያደረገውን በመካከላችሁ ቆሜ ልናገር ከተመኘሁ ቆይቷል፤ አገሩ ራቀብኝ እንጂ። ስለዚህ ጽፌ ልኬዋለሁ። እህት ዓለም ታንብብልኝ። መሪያችሁ ወንድም ተፈራ እንዳያነበው አደራ፤ ስለ እሱ የጻፍሁትን እየዘለለ ምስክርነቴን ግማሽ ያደርሰዋል። ነገሬ ከዚያች ቆርቆሮ በር ይጀምራል፤ ክብር ለስሙ ይሁን!

መቼም በእኛ አገር ሰው ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ፣ ጋቢ ተከናንቦ ከመጣ፣ የመጣው ለመርዶ ነው። እስኪነግሩኝ አልጠበቅሁም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሸረጥሁና «ይበልጣሌን! ወንድሜን!» ብዬ ደረቴን መታሁ። ባለቤቴ ማርቆስ አንድ እግሩ ላይ ብቻ ካልሲ እንዳደረገ ከመኝታ ቤት ወጥቶ አብሮኝ አለቀሰ። ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቀም፤ ደግ ሰው ነው።

ይበልጣል ታናሽ ወንድሜ ነው። በዚያን ጊዜ ሞጣ ላይ ቀን ጫት ሲቅም ይውላል፤ ማታ ደግሞ ምርቃናውን ልስበር ብሎ ጨብሲ ይወጣል፤ አረቄውን ሲገለብጥ ያመሻል። ከቤታችን ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው ብለን ከተቀመጥን ቆይተን ነበር። እናቴ ቢቸና ሆና የለቅሶ ልብሷን አጥባ፣ አጣጥፋ አስቀምጣለች።

ጋሽ አስማረ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «የሺ፣ እንግዲህ ጠንከር በይ። የመጣብሽ ነገር ከባድ ነው።»

«መቼ ሞተ?»

«አልሞተም።»

ለቅሶው ቆመ። ማርቆስ ብቻ፣ አንዴ ስለጀመረው፣ ትንሽ ቀጠለ።

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ከሞት ይከፋል። ትናንት ከቢቸና አጎትሽ አያ ገዳሙ ደውለውልን ነበር። ይበልጣል ጴንጤ ሆኗል።»

ለቅሶው እንደ ገና ተነሣ። ያኔ እኔ የወንጌል አማኝ ባገባም ከእናቴ ሃይማኖት ንቅንቅ ያላልሁ፣ ጾም የማልገድፍ ሴት ነበርሁ። ወግም ነውና አብሬያቸው ጀመርሁ። መካከል ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እንባዬን ጠረግሁ።

«ጋሽ አስማረ፣ አረቄውንስ?»

«አረቄውንማ ትቷል።»

«ጫቱንስ?»

«እሱንም ትቷል ነው የሚሉት።»

«ሥራውስ እንዴት ሆነ?»

«ይሰፋል አሉ። ሱሪው ሁሉ ልክ ነው አሉ።»

«ታዲያ እኔ የማለቅሰው ለምንድን ነው?»

ጋሽ አስማረ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። ሰዎቹ ወደ ጋሽ አስማረ አዩ። በመጨረሻ ጋሽ አስማረ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉና «እሱስ እኛም መንገድ ላይ ስንነጋገርበት ነበር» አሉ። «ግን እንዲያው፣ የሺ… ሰካራምም ቢሆን የእኛ ሰካራም ነበር።»

ወገኖቼ፣ እባካችሁ አትሳቁባቸው። ጎህ ሳይቀድ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው፣ ለእኔ ብለው የመጡ ሰዎች ናቸው። ቁርሳቸውን በልተው፣ ማዘን ይኑርብን ወይስ ደስ መሰኘት ሳይቆርጡ ሄዱ። ማርቆስም ሁለተኛውን ካልሲ እየፈለገ «ሂጂና በዓይንሽ እዪው» አለኝ። አንድም ቀን በሃይማኖት ገፍቶኝ አያውቅም።

ይበልጣል በፊት ምን ይመስል እንደነበር፣ በኋላ የመጣችሁ ስለማታውቁት ጥቂት ልበላችሁ። የስፌት መኪናው የሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበረች፤ ሐጂን የማያውቅ የሞጣ ልጅ የለም። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነበር፣ በረከት ያለው እጅ። አረቄው ግን እጁን ወሰደው። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ስለማይችል መንገደኛ እየጠራ ያስገባ ነበር። አንድ ጊዜ ለአንድ የግንደወይን ገበሬ የሰፋለት ሱሪ አንዱ እግሩ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ አንዱ ጉልበት ላይ ቀረ። ሰውዬው ሊጣላው ቢመጣ ይበልጣል ምን አለው መሰላችሁ? «አንዱ ለደጋ፣ አንዱ ለቆላ ነው። ዓባይ በረሃ ስትወርድ ታመሰግነኛለህ።»

ሰውዬው ስቆ ሄደ። ሁሉም ሰው ስቆ ይሄድ ነበር። ከቢቸና እስከ ሞጣ በይበልጣል ያልሳቀ የለም፤ ያዘነለት ግን እናቴ ብቻ ነበረች። አያ ገዳሙ ይህን አጥብቀው ይቃወሟታል። እናቴ ልጇን በየጠበሉ ይዛ ስትንከራተት አይተው፣ «እቴ፣ እሳት ለበላው ሰው እዘኚ። በገዛ እጁ እሳት ለበላ ሰው ግን ምን ተብሎ ይታዘናል?» ይሏታል። እኛ ቤት ይህ ነገር እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ይጠቀስ ነበር። መልስ ያለው ሰው አልነበረም።

ከሶዶ ተነሥቼ፣ አዲስ አበባ አድሬ፣ ወደ ቢቸና ጉዞ ቀጠልሁ። ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ስንወርድ ያ ሱሪ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አማተቡብኝ።

ቢቸና ስደርስ እናቴ ስንቅ ቋጥራ፣ የሟች አባቴን ሽመል ይዛ ተዘጋጅታለች። ሽመሉ ከእሷ ቁመት ይበልጣል።

«እማዬ፣ ይህ ለምንድን ነው?»

«ለምርኩዝ ነው።»

«ምርኩዝሽስ ያውና ቆሟል።»

«ያ ለእኔ ነው» አለች። አያ ገዳሙም «ያለ ሽማግሌ አትሄዱም» ብለው ጋቢያቸውን ደርበው ተሳፈሩ። እስከ ሞጣ ድረስ እናቴ ሽመሉን በጉልበቷ መካከል አቁማ፣ ልጇን የወሰዱባትን ሰዎች ከየት በኩል እንደምትጀምራቸው እያሰበች ሄደች። ረዳቱ ሽመሉን ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢላት «አንተን እጭንሃለሁ» አለችው።

የሐጂ በረንዳ ደረስን። ይበልጣል አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። አላየንም። ክሩን በምራቁ አርጥቦ፣ መርፌውን ወደ ብርሃኑ አነሣና በአንድ ጊዜ ሰካው። እናቴ ያን አየች። ሽመሉ ቀስ እያለ ወረደ።

«ምን አድርገውህ ነው?» አለችው። ቀና ብሎ ሲያያት ከነመቀሱ ተነሥቶ እግሯ ላይ ወደቀ።

ሐጂ ከሱቃቸው ብቅ አሉ። «እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ። እኔ እንደሚያውቁኝ ጴንጤም አይደለሁ፣ ኦርቶዶክስም አይደለሁ፤ ለማን ብዬ አዳላለሁ? ልጅዎ ሰው ሆኗል፤ አልሐምዱሊላህ።» እናቴም «አሜን» አለች። ያን ቀን እዚያ በረንዳ ላይ እግዚአብሔር በየቋንቋው ተመሰገነ፤ ሃሌ ሉያ!

ይበልጣል ታሪኩን የነገረን ቁጭ ብለን ነው። የእናንተ መዘምራን የደንብ ልብስ እንዲሰፋላቸው ሐምራዊ ጨርቅ ሰጥተውት ኖሯል። እሱ ጨርቁን ይዞ በቀጥታ ወደ አረቄ ሻጯ ወደ ሙሉ ቤት፤ ጨርቁን ሰጥቶ ሲጠጣ ሰነበተ። ሙሉም ጨርቁ ደስ ብሏት በሯ ላይ መጋረጃ አድርጋ ሰቀለችው። ደንበኞቿም ከመንገድ ስለማይታዩ መረቋት።

ወሬው ወንድም ተፈራ ዘንድ ሲደርስ፣ ሁለት መዘምራን አስከትሎ፣ ገበያው ሁሉ እያየው፣ አረቄ ቤት ገባ። ሙሉ ማማሰያዋን አነሣች። «ጨርቄን የሚነካ እናቱን ያስጠራ!» ተፈራ ግን መጋረጃውን በእጁ ዳሰስ አደረገና «ለቤትሽ ተስማምቷል፣ እህት ሙሉ» አላት።

«እህትህ ማን ናት?»

«እንዲህ ይሁን፤ መጋረጃው ለአንቺ፣ ልብስ ሰፊው ለእኛ።»

ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ እስክታነባ ድረስ ሳቀች። «ጴንጤ ሲባል ሞኝ አይመስለኝም ነበር! ውሰዱት እንጂ! ማማሰያውንም መርቄላችኋለሁ!» ይበልጣልን እንደ ጆንያ ተሸክመው ወጡ።

ወገኖቼ፣ አንድ ጊዜ ተጸልዮለት ብድግ ብሎ ዳነ ብላችሁ እንዳታወሩ። ወንድም ተፈራ ጸለየ፤ ጸልዮም ወደ ሐኪም ወሰደው። ሐኪሙ «ይህ ሰውነት አረቄን ለምዶታል፤ በድንገት ሲቀርበት ሊታመም ይችላል፤ እኛ እየተከታተልነው ይተው» አለ። አያይዞም «ስድብ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ድሮ ይድን ነበር» አለ ብሎ ይበልጣል ሲነግረን እናቴ አያ ገዳሙን አየቻቸው። አያ ገዳሙ ጣሪያውን አዩ።

አሁን ወደ ከባዱ ቀን ደረስሁ። በማግሥቱ ገበያ ነበር። እኔና እናቴ ለይበልጣል አልጋ ልብስ ስንመርጥ፣ አያ ገዳሙ ወንድሜን «ና ወዲህ» ብለው ይዘውት ሄዱ። ልባቸው በደስታ ሞልቶ ነበር። ደስታ ደግሞ በእኛ አገር በደረቁ አይሆንም። ይበልጣልን ይዘው ሙሉ ቤት ገቡና «ልጄ አረቄ ስለተወልኝ ለሁለታችን አንዳንድ መለኪያ ቅጂልን!» አሉ።

እህቶቼ፣ ምሕረት ያድርግላቸው፤ ክፋት አልነበረበትም። ምርቃት ያለ መጠጥ እንዴት እንደሚሆን ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ አያውቁም። ይበልጣልም አጎቱን እምቢ ማለት ነውር ሆነበት። አንዱን ጠጣ። ከዚያ አያ ገዳሙ «በል እንግዲህ እንሂድ» ሲሉ አልተነሣም።

አያ ገዳሙ ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ ገበያው መካከል ደረሱብን። «እቴ! ልጁ ተቀመጠ! ተነሥ ብለው አይነሣም! አንድ ብቻ እኮ ነው ያልሁት!»

እናቴ ሽመሉን አነሣች። እኔ ወንድም ተፈራን ልጠራ ሮጥሁ። ያን ጊዜ በልቤ የነበረውን አልረሳውም፦ «አሁን ይተዉታል። ጨርቁን ሰጡ፣ አሳከሙት፣ ይኸው ተመለሰ። አሁን እነሱም ስቀው ይሄዳሉ፤ ወንድሜም በቃው» እያልሁ ነበር የምሮጠው።

ተፈራ ሲሰማ አልተቆጣም፤ እንዲህ እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቅ ይመስል ጫማውን ብቻ አጠለቀ። ሐምራዊውን መጋረጃ ገልጦ ገባ፤ እኔም ተከተልሁ፤ ሁለቱ መዘምራንም ሰምተው ከኋላችን ደረሱ። ይበልጣል ግድግዳው ጥግ ተቀምጧል፤ ባዶ መለኪያዎች ፊቱ ተደርድረዋል። እናቴ ሽመሏን ይዛ መካከል ቆማለች። ደንበኞቹ ሁሉ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አስጠግተዋል፤ የሽመሉን ርዝመት አይተው ነው።

«ባዶ ወንበር አለ?» አለ ተፈራ።

«ጴንጤ ምን ሊጠጣ ነው?» አለች ሙሉ።

«ውሃ ስጪኝ፣ እህት ሙሉ።»

ሙሉ ግራ ገባት። በዚያ ቤት ውሃ ታዝዞ አያውቅም። ከእንስራው ቀዳች፤ ከዚያም፣ መቼም ያልተቀመሰ አይሰጥም፣ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ሰጠችው። እዚህ ላይ አንድ ሰው ሳቀ፤ ውሃ መቅመሷ ነው። እኔ ግን ልብ ያልሁት ሌላ ነገር ነበር። ለገባ ለወጣው ሁሉ ስትቀዳ ከእያንዳንዱ መለኪያ በመዳፏ ትቀምሳለች። ገና ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ዓይኗ ቀልቷል። ከደንበኞቿ ሁሉ በላይ የምትጠጣው እሷ ነበረች፤ ሰው የሚያየው ግን ወግ መጠበቋን ነው።

ተፈራ ውሃውን ይዞ ተቀመጠ። አልገሠጸም፤ አልሰበከም። ይበልጣል «ሂድ፤ እኔ አልረባም፤ አየኸኝ አይደል» አለው። ተፈራም «አይቼሃለሁ። ስትነሣ አብረን እንነሣለን» አለው። ሁለቱ መዘምራን መደቡ ላይ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥሁ። እኔ፣ በአረቄ ቤት በር ሳልፍ እንኳ ፊቴን የማዞር ሴት፣ ሁለት የቡሬ በሬ ነጋዴዎች መካከል ተቀመጥሁ።

አያ ገዳሙ በሩ ላይ እንደቆሙ ጮኹ። «ልጄ ተፈራ፣ እሳት የበላ ሰው ነው እኮ የምትጠብቀው! በገዛ እጁ!»

ተፈራ ወደ እሳቸው ዞሮ «አባቴ፣ እሳት የበላም እኮ ይቃጠላል» አላቸው።

  አያ ገዳሙ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ያኔ እናቴ ተራመደች። ሽመሉን ከፍ ስታደርገው የበሬ ነጋዴዎቹ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። እሷ ግን ሽመሉን ልጇ እጅ ውስጥ አስገባችው። «ለምርኩዝ ነው ብያቸው ነበር» አለች። «የአባትህ ነው። ተደገፍና ተነሣ።»

ይበልጣል አለቀሰ። ሽመሉን ይዞ፣ አንዴ ወድቆ፣ ሁለተኛ ተነሣ። ጌታ ይባረክ! ተፈራ በአንድ ወገን፣ እናቴ በሌላ ወገን ሆነው ሐምራዊውን መጋረጃ ገልጠው ወጡ። ሙሉ ከኋላችን «ደግሞ መጣችሁ! ደግሞ ወሰዳችሁት!» እያለች ትጮኻለች፤ ግን ድምፅዋ እንደ ተቆጣ ሰው አልነበረም።

በረንዳው ላይ ይበልጣልን አስተኝተን፣ የሐጂ ባለቤት ሾርባ ልካለት ሳለ፣ ወንድም ተፈራን ጠየቅሁት። «እንዲህ ያለ ሰው ይገባዋል ብለህ ነው?»

«አይገባውም» አለኝ። «ለእኔም አይገባኝም ነበር። እኔ በወደቅሁበት ተቀምጦ የጠበቀኝ ጌታ አለ። እኔ የእሱን ቦታ መያዜ ነው።»

ይህ ብቻ ነበር ስብከቱ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን የጾምሁለት አምላክ ከሩቅ ሆኖ መዝኖ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን አረቄ ቤት ውስጥ፣ በአንድ መለኪያ ውሃ ፊት፣ አጠገባችን ተቀምጦ አየሁት። ከስፌት መኪናዋ ጎን ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ለእኔም ተቀመጥልኝ» አልሁ። ተቀመጠልኝ፤ ክብር ለስሙ! ሶዶ ተመልሼ ለማርቆስ ስነግረው አሁንም አለቀሰ። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም ካልሲ አድርጎ ነበር።

ይበልጣል ከዚያ ወዲያ ሐኪሙን አልተወም፤ ኅብረቱን አልተወም፤ እናንተም አልተዋችሁትም። ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጦ ይህን ሲሰማ ፊቱ እንደሚቀላ አውቃለሁ። በሌላ ጨርቅ የሰፋላችሁ የመዘምራን ልብስ እጅጌ ግን፣ ወንድሜ ሆይ፣ እውነቱ ይነገር፤ የግራው ያጥራል። ያንን በአረቄ ማመካኘት አትችልም። እናቴ በሃይማኖቷ ጸንታ አረፈች፤ እስክታርፍ ድረስ ግን በጸሎቷ «ያን ጴንጤ ተፈራንም አስበው» ትል ነበር። አያ ገዳሙም ሰርግ ቤት ሲጠሩ «ለዚህ ልጅ ውሃ! ቀምሳችሁ ስጡት!» እያሉ ይጮኻሉ።

ይህን የምትሰማ፣ ቤትህ ውስጥ ሱስ የያዘው ያለህ ወንድም፤ ልጅሽ፣ ባልሽ የጠፋብሽ እህት፤ ይታዘንለታል ወይስ አይታዘንለትም ብለሽ አትሟገቺ። ማዘን ማለት ጠርሙስ መግዛት አይደለም፤ ማዘን ማለት ስቆ አለመሄድ ነው። ጌታን ታመኑት፤ እሱ ከተቀመጠበት አይነሣም።

አሁን የጻፍሁበትን ምክንያት ልናገር። ባለፈው ይበልጣል ሲደውልልኝ ስለ ሙሉ ነገረኝ። እጇ እየተንቀጠቀጠ ከመለኪያው ውጭ ትቀዳለች አለኝ፤ ደንበኛም ርቋታል፤ ብቻዋን ቀድታ፣ ብቻዋን ትቀምሳለች። ከመካከላችን አንዳንዱም «ስንቱን አስክራለች፤ የዘራችውን ትጨድ» ማለቱን ነገረኝ። ነገሩ የአያ ገዳሙ የድሮ የእሳት ተረት መሆኑን አወቅሁት።

ስለዚህ ያን ቀን እዚያ ቤት የነበራችሁ፣ አንተ ወንድም ተፈራ፣ ሁለታችሁ መዘምራን፣ አንተም ይበልጣል ያን ሽመል ይዘህ፣ እለምናችኋለሁ፤ ዛሬ ከጉባኤ ስትወጡ ወደ ሙሉ ቤት ግቡ። መጋረጃው ፀሐይ በልቶት ከሆነም እሱው ነው፤ ገልጣችሁ ግቡ። ውሃ ጠይቋትና ተቀመጡ። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጇ ቀምሳ ስትሰጣችሁ ጠጡላት። ለምን መጣችሁ ብላ ማማሰያዋን ካነሣች፣ መጋረጃው ዛሬም ለአንቺ ነው በሏት፤ አንቺ ግን ለእኛ።